ጋሜቱን አስቀድሙ፦ ጄኔቲክስንና ባዮቴክኖሎጂን በገብስ፣ በዶሮና በሽንኩርት ማጥናት

በሰሜን ሸዋ ደጋ ባዮሎጂ ባስተማርኩባቸው ዓመታት፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጄኔቲክስን የሚፈሩት ትምህርቱ ከባድ ሆኖ ሳይሆን ከተሳሳተው ጫፍ ስለሚጀምሩት እንደሆነ ደጋግሜ አስተውያለሁ። ተማሪው ጥያቄውን አንብቦ ሳይጨርስ የወላጆችን ጋሜቶች አገናኝቶ ልጆቹን የሚያሳየውን ባለ አራት ክፍል የፓኔት ሠንጠረዥ ይስልና ክፍሎቹን በምን እንደሚሞላቸው ሲያስብ ጊዜው ያልቃል። ሠንጠረዡ የሚመጣው በሥራው ማብቂያ ላይ ነው፤ ከእርሱ በፊት መጻፍ ያለበት እያንዳንዱ ወላጅ የሚያወጣው ጋሜት፣ ማለትም የዘር ሕዋስ፣ ምን ምን ሊይዝ እንደሚችል ነው። ይህን ልማድ የያዘ ተማሪ ከሜንዴል አተር እስከ ደም ዓይነት፣ ከዚያም ባክቴሪያ ኢንሱሊን እስከሚሠራበት ቤተ ሙከራ ድረስ ያለውን ትምህርት በአንድ መንገድ ሊጓዘው ይችላል።

አስቀድመን ስለ አጻጻፍ እንስማማ። በፈተና ላይ የምታገኟቸው ምልክቶች የላቲን ትልቅና ትንሽ ፊደላት ሲሆኑ፣ ትልቁ ጎልቶ የሚታየውን ወይም ዶሚናንት የሚባለውን፣ ትንሹ ደግሞ የሚሸፈነውን ወይም ሪሴሲቭ የሚባለውን አሊል፣ ማለትም የአንድ ጂን አማራጭ መልክ፣ ይወክላል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ባይኖረውም ሰባት ቤት ስላለው አይቸግርም። እኔ በሰሌዳ ላይ ራብዑን ለዶሚናንቱ፣ ሳድሱን ለሪሴሲቩ መጠቀም ከጀመርኩ ወዲህ፣ በእጅ ጽሕፈት ትልቁና ትንሹ የላቲን «ሲ» እየተመሳሰለባቸው የሚሳሳቱ ተማሪዎች ልምምዳቸውን ያለ ጭንቀት መሥራት ችለዋል። እዚህም በዚሁ እንሄዳለን፤ ለምሳሌ ራ ዶሚናንት ሲሆን ር ሪሴሲቭ ነው።

ገብሱ የሚለውና የማይለው

ከደብረ ብርሃን እስከ መንዝ ባለው አገር የገብስ ማሳ ያላየ ተማሪ የለም፤ ዛላውን በእጁ ይዞ የመረመረው ግን ጥቂት ነው። ሰብሉ ሲደርስ አንድ ዛላ ቀጥፋችሁ ከጫፉ በኩል ወደ ታች ተመልከቱት። ፍሬዎቹ በዘንጉ ግራና ቀኝ አንዳንድ ረድፍ ብቻ ሠርተው ከታዩ ገብሱ ባለ ሁለት ረድፍ ነው፤ ዙሪያውን ሞልተው ከታዩ ባለ ስድስት ረድፍ ነው። በሁለቱም ዓይነት በእያንዳንዱ አንጓ ላይ ሦስት ሦስት አበባ አለ፤ ነገር ግን በባለ ሁለት ረድፉ የመካከለኛዋ ብቻ ፍሬ ስትይዝ በግራና በቀኝ ጎኗ ያሉት ይመክናሉ፣ በባለ ስድስቱ ሦስቱም ያፈራሉ። ጣታችሁን በባለ ሁለት ረድፉ ጎን ላይ ብታሳልፉ የመከኑት አበቦች እንደ ቀጭን ገለባ ተለጥፈው ታገኟቸዋላችሁ።

ይህን ልዩነት በዋናነት የሚወስነው አንድ ጂን ነው። ተማሪዎች ጂንንና አሊልን ስለሚያደባልቁ እንዲህ ብላችሁ ያዙት፦ ጂኑ «የጎኖቹ አበቦች ያፍሩ ወይ?» የሚል ጥያቄ ቢሆን፣ አሊሎቹ «አያፍሩ» እና «ያፍሩ» የሚሉት ሁለት መልሶች ናቸው። «አያፍሩ» የሚለው ራ ዶሚናንት ነው፤ «ያፍሩ» የሚለው ር ሪሴሲቭ ነው። ገብሱ ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ መልስ ስለሚወርስ ራራ፣ ራር ወይም ርር ሊሆን ይችላል። ሁለቱ መልሶች አንድ ሲሆኑ ሆሞዛይገስ፣ ሲለያዩ ሄትሮዛይገስ ይባላል። የተሸከመው ጥንድ ጂኖታይፕ ሲሆን በዛላው ላይ የምናየው ደግሞ ፊኖታይፕ ነው።

«በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች» የሚለው ተረት ለፊኖታይፕ የተነገረ ይመስለኛል። ራር የሆነው ገብስ ሲጠየቅ የሚያወራው ስለ ራ ብቻ ነው፤ ስለ ር ጭጭ ይላል። እርግጥ ማሳው ከመጽሐፉ ይልቅ ሐቀኛ ነውና፣ ራር በሆነው ገብስ ላይ የጎን አበቦቹ አንዳንድ ጊዜ በመጠኑ አብጠው ወይም ሾለው ስለሚታዩ በደንብ የሚያይ ሰው ሊጠረጥር ይችላል። በፈተና ላይ ግን «ሙሉ ዶሚናንት» ከተባለ እንደተባለው ውሰዱት።

አሁን እናዳቅል። ራራ የሆነው ወላጅ የሚያወጣው ጋሜት ራ ብቻ ነው፤ ርር የሆነውም ር ብቻ ነው። የመጀመሪያው ትውልድ ስለዚህ ያለ ልዩነት ራር ይሆናል፤ ለዚህ ሠንጠረዥ መሳል ወረቀት ማባከን ነው። ራር የሆነው ገብስ ራሱን በራሱ ሲያዳቅል፣ ገብስ በተፈጥሮው በአብዛኛው የሚያደርገውም ይህንኑ ነው፣ የጋሜቶቹ ግማሽ ራን፣ ግማሽ ርን ይይዛሉ። አሁን ብቻ ሠንጠረዡን ሳሉ፤ ከላይ ራና ር፣ ከጎን ራና ር ጽፋችሁ ስታገናኟቸው አንድ ራራ፣ ሁለት ራር፣ አንድ ርር ይወጣል። በጂኖታይፕ 1፡2፡1፣ በዓይን ሲታይ 3፡1 ማለት ነው። ጠፍቶ የነበረው ባለ ስድስት ረድፍ በልጅ ልጅ ተመልሶ የመጣው ር በራር ውስጥ ሳይሟሟ ተቀምጦ ስለቆየ ነው።

ግሬጎር ሜንዴል ብርኖ በምትባል ከተማ በሚገኝ ገዳም ከ1856 እስከ 1863 እ.ኤ.አ. አተር እያዳቀለ ያየው ይህንኑ ነበር፤ ውጤቱን በ1866 እ.ኤ.አ. ቢያሳትምም እስከ 1900 ድረስ ብዙ ሰው ልብ አላለውም። ክብና የተጨማደደ ፍሬን በተመለከተ በሁለተኛው ትውልድ 5,474 ክብና 1,850 የተጨማደደ ቆጠረ። አካፍሉት፤ 2.96 ይመጣል። ልክ ሦስት አለመሆኑን ተማሪዎች እንዲያዩት የምፈልገው ዕጣ ከዚህ በላይ ስለማይታዘዝ ነው። ፍሬው የሚጨማደደው ደግሞ ስታርችን ለመሥራት የሚረዳ የአንድ ኢንዛይም ጂን ስለተበላሸ ነው፤ ስኳርና ውሃ በብዛት የያዘው ፍሬ ሲደርቅ ይሸበሸባል። አንድ ጤነኛ ቅጂ የሚበቃውን ኢንዛይም ስለሚሠራ ክብነት ዶሚናንት ሆነ። ዶሚናንት ማለት «ጠንካራ» ወይም «ብዙ ሰው ላይ ያለ» ማለት እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ጎረቤት የሰጣችሁ ባለ ሁለት ረድፍ ገብስ ራራ ይሁን ራር ማወቅ ብትፈልጉ ከርር ጋር ታዳቅሉታላችሁ። የርር ጋሜት ምንም የሚሸፍነው ስለሌለው ውጤቱ የተጠርጣሪውን ጋሜት ገልጦ ያሳያል፤ ልጆቹ ሁሉ ባለ ሁለት ረድፍ ከሆኑና ቁጥራቸውም በቂ ከሆነ ራራ ነው፣ ግማሽ በግማሽ ከሆኑ ራር ነው። ፈተና ላይ ቴስት ክሮስ የሚባለው ይህ ነው።

ስለ ዕጣ ሌላም መባል ያለበት አለ። ቆዳና ጠጉር ቀለም የሚያጡበትን የአልቢኒዝምን ሪሴሲቭ አሊል ተሸክመው ራሳቸው የማያሳዩ እናትና አባት ቢኖሩ፣ «ከአራት ልጆቻቸው አንዱ ይወርሳል» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ አለ። ትክክሉ «እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ 1/4 ነው» የሚለው ነው። የመጀመሪያው ልጅ ስለወረሰ ሁለተኛው አይድንም፤ ስላልወረሰም ሁለተኛው ላይ አይከመርም። ይህን ለማመን ቀይና ነጭ ቦሎቄ እኩል በሁለት ከረጢት ጨምራችሁ፣ ሳታዩ ከየከረጢቱ አንዳንድ እያወጣችሁ መዝግቡና መልሱ። በሃያ ጊዜ የምታገኙት መጠን ያስቃል፤ በሁለት መቶ ጊዜ ግን ወደ 1፡2፡1 ይቀርባል።

ሁለት ጠባይ ሲደመር፣ አሥራ ስድስት ሳጥን አትሙሉ

ረድፉን ብቻ ሳይሆን ቀለሙንም እንጨምር። በገብስ ጥቁርነት ዶሚናንት ነው፤ ጣ ጥቁር፣ ጥ ነጭ ይሁን። ንጹሑ ጥቁር ጂኖታይፕ «ጣጣ» ተብሎ መጻፉ በየዓመቱ ክፍሉን ያስቀዋል፤ ይሳቅ፣ አይረሳም። ክሮሞዞም ጂኖችን የተሸከመ የዲኤንኤ ክር ነው፤ የረድፉ ጂን በገብስ ሁለተኛው ክሮሞዞም ላይ፣ የጥቁርነቱ ጂን በአንደኛው ላይ ስለሆነ እያንዳንዳቸው ለየራሳቸው ይከፋፈላሉ።

ራርጣጥ የሆነ ገብስ ጋሜቱ ምን ምን ነው? ብዙ ተማሪ «ራር» እና «ጣጥ» ብሎ ይጽፋል፤ ዕድሜ ልክ የሚከተል ስሕተት ነው። ጋሜት ከእያንዳንዱ ጂን አንድ፣ አንድ ብቻ ይይዛል። ስለዚህ ራጣ፣ ራጥ፣ ርጣ፣ ርጥ ናቸው። በአንድ ጋሜት ውስጥ ራና ር አብረው ከተገኙ፣ ወይም ከሁለቱ ጂኖች አንዱ ከጠፋ፣ ወደ ሠንጠረዡ ሳትሄዱ አቁሙ።

ከዚያ በኋላም ባለ 16 ክፍሉን ሠንጠረዥ ለአንዴ፣ ለመረዳት ያህል ሥሩትና ተዉት። እያንዳንዱን ጠባይ ለብቻ አስልቶ ማባዛት ይቀላል። ባለ ሁለት ረድፍ የመሆን ዕድል 3/4፣ ጥቁር የመሆን ዕድል 3/4 ስለሆነ ሁለቱም አንድ ላይ 9/16 ነው። ባለ ሁለት ረድፍ ነጭ 3/16፣ ባለ ስድስት ረድፍ ጥቁር 3/16፣ ባለ ስድስት ረድፍ ነጭ 1/16 ይሆናል። 320 ተክል ቢበቅል 180፣ 60፣ 60 እና 20 ይጠበቃል። አራት ጂን ቢሰጣችሁ በዚሁ መንገድ በአንድ መስመር ታወጡታላችሁ፤ በሠንጠረዥ ቢሆን 256 ሳጥን ነበር።

ይህ ሁሉ ከየት እንደመጣ ለማየት ጋሜት የሚወጣበትን የሕዋስ ክፍፍል፣ ሚዮሲስን፣ በፈትል መሥራት ከሥዕል ይሻላል። መንዝ ውስጥ ባና ከሚሠራበት የበግ ጠጉር ፈትል ጥቁርና ነጭ አታጡም። ረጅም ጥቁርና ረጅም ነጭ፣ አጭር ጥቁርና አጭር ነጭ ቁረጡ፤ ጥቁሩ ከአባት፣ ነጩ ከእናት የመጣ ክሮሞዞም ይሁን። ሕዋሱ ከመከፈሉ በፊት እያንዳንዱ ፈትል ቅጂ ይሠራልና ተመሳሳዩን ጨምራችሁ ወገባቸው ላይ እሰሯቸው። ረጅሙን ከረጅሙ፣ አጭሩን ከአጭሩ አጋጥሙና በመጀመሪያው ክፍፍል ጓዶቹን ለዩ፤ በሁለተኛው ደግሞ ቋጠሮውን ፈትታችሁ ቅጂዎቹን ለዩ። ረጅሙ ጥቁር ወደ ቀኝ ሲሄድ አጭሩ ጥቁር አብሮት ይሂድ የሚል ሕግ እንደሌለ እጃችሁ ራሱ ያሳያችኋል። በሁለት ጥንድ አራት ዓይነት ጋሜት ይወጣል፤ በሰው 23 ጥንድ ግን ከ8.3 ሚሊዮን በላይ ነው። ተራው የሰውነት ሕዋስ የሚከፈልበት ሚቶሲስ ላይ ማጋጠሙ የለም፤ የቅጂዎቹ መለያየት ብቻ ስለሆነ ሁለቱ ልጅ ሕዋሳት ከእናታቸው ጋር አንድ ናቸው።

በቅሎዋም እዚህ ላይ ትመለሳለች። ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞዞም አላቸው፤ ጋሜቶቻቸው 32 እና 31 ስለሚሆኑ በቅሎ 63 ትይዛለች። ለሥራ ሕዋሶቿ ይህ አያስቸግርም፤ ሚቶሲስ ማጋጠም አይፈልግምና። ሚዮሲስ ላይ ግን ፈትሎቹ ጓድ በጓድ ስለማይገጥሙ ጤናማ ጋሜት አይወጣም፤ በቅሎ የማትወልደው ለዚህ ነው።

ሜንዴል ያልነገረን

ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ስትወርዱ አንገተ መላጣ ዶሮ አታጡም፤ ሙቀትን በማስወጣት ስለሚረዳ ለቆላ ይመቻል። መላጣነቱን የሚሰጠው ላ፣ ባለ ላባነቱን የሚሰጠው ል ይሁን። ላላ የሆነው አንገቱ ጨርሶ የተራቆተ ነው፤ ልል የሆነው ሙሉ ላባ አለው፤ ላል የሆነው ግን ከአንገቱ ፊት ለፊት እንደ ከረባት ትንሽ የላባ ጉንጉን ይቀርለታል። እንዲህ ያለው ያልተሟላ ዶሚናንስ ይባላል፤ ለተማሪም በጣም የሚመች ነው፤ ምክንያቱም ጂኖታይፑን ቆሞ ማንበብ ይቻላል። ሁለት ባለ ከረባት ዶሮዎች ተዳቅለው 12 ጫጩት ቢፈለፈል በግምት ሦስት ጨርሶ መላጣ፣ ስድስት ባለ ከረባት፣ ሦስት ባለ ላባ ይጠበቃል።

የደም ዓይነት ላይ ደግሞ ሦስት አሊል አለ፤ ኤ፣ ቢ እና ኦ። ኤና ቢ ሲገናኙ ሁለቱም ይታያሉ፣ ኮዶሚናንስ የሚባለው ይህ ነው፤ ኦ ከሁለቱም ጋር ይሸፈናል። አንድ ዓመት ተማሪዎቼ የወላጆቻቸውን የደም ዓይነት ጠይቀው እንዲመጡ አዘዝኩና፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ አንዲት ልጅ ደብተሯን ታቅፋ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። አባቷ ኤ፣ እናቷ ቢ፣ እሷ ግን ኦ ነች፤ ሌሊቱን እንዳልተኛች ዐይኗ ይናገር ነበር። ሰሌዳው ላይ የአባቷን ጋሜት እንድትጽፍ ብቻ ጠየቅኳት። «ኤ» አለች፤ ጠመኔውን ይዛ ትንሽ ቆየችና «ወይም ኦ» ብላ ጨመረች። የእናቷንም «ቢ ወይም ኦ» ብላ ጻፈች፤ ከዚያ ራሷን ከአራቱ ክፍል በአንዱ ውስጥ አገኘችው። ከዚያ ወዲህ ያንን የቤት ሥራ አልሰጥም፤ በምናብ ቤተሰብ ላይ መሥራት ይበቃል።

ከጾታ ጋር የተያያዘ ውርስ ላይ ስሕተቱ አሊሉን ዋይ ክሮሞዞም ላይ መጻፍ ነው። ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም ጂን ያለው በኤክስ ላይ ነው። የኢንዛይሙ እጥረት ያለበት ሰው ባቄላ፣ በተለይም ጥሬ እሸቱን ሲበላ፣ ወይም በቆላው ለወባ የሚሰጠውን ፕሪማኪን ሲወስድ ቀይ የደም ሕዋሱ ሊፈርስ ይችላል። ጤነኛው ጋ፣ ጎዶሎው ግ ይሁን። ተሸካሚዋ እናት የምታወጣው ኤክስ-ጋ ወይም ኤክስ-ግ ነው፤ ጤነኛው አባት የሚያወጣው ኤክስ-ጋ ወይም ዋይ ነው። ወንዶች ልጆች እያንዳንዳቸው የመውረስ ዕድላቸው ግማሽ ነው፤ ሴቶቹ ግማሽ ያህሉ እንደ እናታቸው ተሸካሚ ይሆናሉ። አባት ለወንድ ልጁ ኤክስ እንደማይሰጥም ከዚሁ ይታያል። የልጁን ጾታ የሚለየው የአባት ጋሜት ኤክስ ወይም ዋይ መያዙ ሆኖ ሳለ «ሴት ብቻ ወለደች» እየተባሉ የሚወቀሱ እናቶች መኖራቸው፣ ይህ ምዕራፍ በክፍል ውስጥ ብቻ እንዲቀር የማልፈልግበት ምክንያት ነው። በሌላ በኩል የመንዝ በግ ወንዱ ባለ ቀንድ ሆኖ ሴቷ በአብዛኛው ቀንድ የሌላት መሆኗን አይታችሁ «የኤክስ ጂን ነው» አትበሉ፤ ይህ ጾታ የሚያሳድረው ተጽዕኖ እንጂ ጂኑ በጾታ ክሮሞዞም ላይ ስለተቀመጠ አይደለም። የበግ ክብደትና የጠጉር መጠን ደግሞ በብዙ ጂኖችና በግጦሽ የሚወሰን ስለሆነ በ3፡1 አይቆጠርም፤ ይመዘናል እንጂ።

ዲኤንኤን በሽንኩርት

እስካሁን በፊደል የጻፍናቸው ጂኖች የተሠሩበትን ዲኤንኤ በዓይን ለማየት ግማሽ ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ክተፉ። በ100 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውሃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና ሁለት የሻይ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና አረፋ ሳታስነሡ አማስሉና ሽንኩርቱን ጨምሩበት። ውሃው 60 ዲግሪ አካባቢ፣ ማለትም እጅ የማይችለው ግን ያልፈላ ቢሆን ይመረጣል፤ ዲኤንኤን የሚቆራርጡት ኢንዛይሞች ይዳከማሉ። አሥር ደቂቃ ጠብቃችሁ በንጹሕ ስስ ጨርቅ አጥልሉት። ሳሙናው ከቅባት የተሠራውን የሕዋስ ሽፋን ያፈርሳል፤ ጨው ደግሞ የዲኤንኤን ኔጋቲቭ ቻርጅ ስለሚያለዝብ ክሮቹ ሳይገፋፉ እንዲሰበሰቡ ይረዳል።

ቀጥሎ የሚመጣው አልኮል በጣም የቀዘቀዘ መሆን አለበት። ደብረ ብርሃን በኅዳርና በታኅሣሥ ለዚህ ፍሪጅ አያሻትም፤ ጠርሙሱን በደንብ ከድናችሁ ሌሊቱን ውጭ ብታሳድሩት በማለዳ ውርጩ ሣሩን ሲያነጣው አልኮሉ ግን ሳይረጋ ታገኙታላችሁ። ከተጣራው ጋር እኩል መጠን ያለውን አልኮል ብርጭቆውን አዘንብላችሁ በጎኑ በኩል በዝግታ አፍስሱት፤ ከላይ ተንሳፍፎ ይቀመጣል። አትነቅንቁት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በሁለቱ ፈሳሾች ድንበር ላይ ነጭ ደመና ይነሣና ክር ክር እያለ ወደ ላይ ይወጣል፤ በእንጨት ስንጥር ጠምዝዛችሁ ልታነሡት ትችላላችሁ። ንጹሕ ዲኤንኤ ነው ብላችሁ ግን አትማሉ፤ ፕሮቲንና የሽንኩርቱ ሌላ ዝልግልግ ነገር አብሮት አለ።

የአልኮሉ ጥንካሬ ወሳኝ ነው፤ 95 በመቶና ከዚያ በላይ ይሻላል። አንድ ጊዜ አልኮል አጥተን ተማሪዎች ስመ ጥሩውን የደብረ ብርሃን አረቄ ይዘው መጡ። ክር የሚባል ነገር አልታየም፤ ክፍሉ ግን እስከ ማታ ሸተተና ለርእሰ መምህሩ ማስረዳት የእኔ ዕዳ ሆነ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከአረቄው ግማሽ የሚበልጠው ውሃ ስለሆነ ዲኤንኤው ሟሙቶ ይቀራል። የፋርማሲና የላቦራቶሪ አልኮል በእሳት አጠገብ አይቀመጥ፤ መርዝ ሊጨመርበት ስለሚችልም ፈጽሞ አይቀመስም።

ያለ ጋሜት የሚሄድ ጂን

ባዮቴክኖሎጂ ሕያዋንን ወይም የእነርሱን ክፍል ለሥራ መጠቀም ስለሆነ ጠላ ጠማቂዋ እናታችሁ ቀድማችኋለች። ገብሱ በቅሎ ብቅል ሲሆን አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም ያወጣል፤ ኢንዛይሙ ስታርችን ወደ ስኳር ይለውጣል፤ እርሾው ስታርችን መብላት ስለማይችል ስኳሩን ጠብቆ ወደ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል። ብቅል ያልገባበት ጥንስስ የማይፈላው ለዚህ ነው። ፈተና ላይ «ባህላዊ ባዮቴክኖሎጂ» ሲመጣ ይህን መጻፍ በቂ ነው።

ዘመናዊው የሚለየው ጂኑን ራሱን ቆርጦ በማዛወር ነው። ኢኮ-አር-ዋን የተባለው ቆራጭ ኢንዛይም ዲኤንኤ ላይ ጂ-ኤ-ኤ-ቲ-ቲ-ሲ የሚል ቃል ሲያገኝ ከጂው ቀጥሎ ይቆርጣል። ኤ ከቲ፣ ጂ ከሲ ስለሚጣመር የተቃራኒውን ክር ከኋላ ወደ ፊት ብታነቡት ያው ቃል ነው፤ ራሳችሁ ጻፉትና አረጋግጡ። ስለዚህ ሁለቱም ክር ይቆረጥና ኤ-ኤ-ቲ-ቲ የሚል ተንጠልጣይ ጫፍ ይተርፋል። ፕላዝሚድ የተባለውን የባክቴሪያ ክብ ዲኤንኤ በዚያው ኢንዛይም ብትቆርጡት ጫፎቹ ይፈላለጋሉ፤ ላይጌዝ የተባለው ኢንዛይም ደግሞ ይሰፋቸዋል። መቀስና መርፌ ብሎ መያዝ ያስኬዳል፤ መቀሱ አንድ ከሆነ ብቻ ጥልፉ ይገጥማል።

ለኢንሱሊን የሚገባው ጂን እንዳለ ከሰው ክሮሞዞም አይወሰድም፤ ባክቴሪያ ሊያወጣው የማይችለው ትርፍ ክፍል በመሃሉ ስላለ፣ የጂኑን መልእክት ለፕሮቲን ሥራ ከሚያደርሰው ከመልእክተኛ አርኤንኤ ተመልሶ የተገለበጠ ወይም በላቦራቶሪ የተሠራ ዲኤንኤ ይጠቀማሉ። ፕላዝሚዱ ባክቴሪያ ውስጥ ከገባ በኋላ የትኛው እንደተቀበለ ለመለየት ፕላዝሚዱ ላይ የአንቲባዮቲክ መቋቋሚያ ጂን ይጨመርና ባክቴሪያዎቹ ሁሉ አንቲባዮቲክ ባለበት ምግብ ላይ ይዘራሉ፤ ያልተቀበለው ይሞታል። በየ20 ደቂቃው የሚከፈል አንድ ባክቴሪያ በ10 ሰዓት 30 ጊዜ ስለሚከፈል ከአንድ ቢሊዮን ያልፋል። የሰው ኢንሱሊን በዚህ መንገድ በ1978 እ.ኤ.አ. ተሠርቶ በ1982 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ለሕክምና ተፈቀደ፤ ቀድሞ የሚገኘው ከአሳማና ከከብት ቆሽት ነበር።

ዲኤንኤን በማሽን የሚያባዛው ፒሲአርም ያው እጥፍ ነው፤ ባክቴሪያ አያስፈልገውም እንጂ። በ95 ዲግሪ ገደማ ሁለቱ ክሮች ይለያያሉ፣ ከ50 እስከ 65 ባለው ሙቀት አጫጭር መነሻ ዲኤንኤዎች ይለጠፋሉ፣ በ72 ከፍል ውሃ ባክቴሪያ የተገኘው ኢንዛይም ክሩን ይሞላል። 30 ዙር ሲዞር አንዷ ቁራጭ ቢሊዮን ትሆናለች።

በሰፈሬ የተሻሻለ ነገር ሁሉ «ጂኤምኦ»፣ ማለትም ጂኑ በላቦራቶሪ የተለወጠ፣ ይባላል፤ ስለዚህ ፈተና ላይ ሦስት ነገር ሲሰጣችሁ «ጂኑ በምን መንገድ ገባ?» ብላችሁ ጠይቁ። ደብረ ብርሃን አካባቢ የአዋሲ በግ ከመንዝ በግ ጋር ሲዳቀል ጂኖቹ የገቡት በጋሜት ነው፤ የመጀመሪያው ልጅ ግማሽ አዋሲ፣ እርሱ እንደገና ከአዋሲ ጋር ሲዳቀል የሚወለደው በአማካይ ሦስት አራተኛ አዋሲ ይሆናል፤ ይህ ማዳቀል እንጂ ጂኤምኦ አይደለም። ከድንች እንቡጥ በጠርሙስ ውስጥ የሚባዛ የቲሹ ካልቸር ችግኝ ላይ ጋሜትም አዲስ ጂንም የለም፤ ሚቶሲስ ብቻ ስለሆነ ልጁ የእናቱ ቅጂ ነው፣ እናቱን የገደለ በሽታም እርሱን ይገድለዋል። በኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. ለምርት የተፈቀደው ቢቲ ጥጥ ግን ትል የሚገድል ፕሮቲን የሚሠራበትን ጂን ያገኘው ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ ከተባለ የአፈር ባክቴሪያ ነው፤ በጋሜት ሊመጣ የማይችል ጂን ነው። በ2001 ዓ.ም. ወጥቶ በ2007 ዓ.ም. የተሻሻለው የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ የሚመለከተው ይህን ሦስተኛውን ነው። ጂኑ ጥጡ ክሮሞዞም ላይ ከተቀመጠ በኋላ ግን እንደ ማንኛውም ጂን በጋሜት ይወርዳል፤ በአንድ ቦታ ብቻ ገብቶበት ሄትሮዛይገስ የሆነ ተክል ራሱን በራሱ ቢያዳቅል፣ ከልጆቹ ስንቱ ጂኑን እንደሚይዙ በገብሱ መንገድ ሥሩት፤ 3/4 ይመጣል።